ከአንድ ኪሎ ብረት 350 ግራም፦ የአንድ ፑተር የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ብረቱ ዛሬ ገባ። ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 38፣ ውፍረቱ 32 ሚሊሜትር የሆነ፣ ካርቦን ያልበዛበት ለስላሳ ብረት ነው። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 1,146 ግራም አለ። ከዚህ ውስጥ ፑተር ለሚባለው የጎልፍ ዱላ 310 ግራም የሚመዝን ራስ አወጣለሁ፤ 40 ግራም ገደማ የምትመዝን አንገት ትጨመርበታለች፤ ድምሩ 350 ይሆናል። የተረፈው ስምንት መቶ ምናምን ግራም በመጥረጊያ የሚሰበሰብ ነው።

የሥራው ባለቤት ጋሼ ናቸው። አሜሪካ፣ ፊኒክስ ከገቡ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከታክሲ ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ሰኞ ሰኞ ከፓፓጎ የጎልፍ ሜዳ የማይጠፉ ሰው ናቸው። ጎልፍ የጀመሩት የደንበኞቻቸውን ከረጢት ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲጭኑና ሲያወርዱ ኖረው፣ አንድ ቀን “ይህ ሁሉ ዱላ ለምን ያስፈልጋል?” ብለው በመጠየቃቸው ነው። እኔንም ያስለመዱኝ እርሳቸው ናቸው። ባለፈው ወር ኳሳቸው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ደርሶ ሳይገባ ሲቀር ፑተራቸውን በትዝብት አዩና “አንተ ልጅ፣ ብረት ስትቆርጥ ነው የምትውለው፤ ለእኔ አንድ የረባ ነገር አትሠራልኝም?” አሉኝ። “እሺ ጋሼ” አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

ለማያውቀው ልንገር። አንድ ተጫዋች በከረጢቱ እስከ 14 ዱላ እንዲይዝ ይፈቀድለታል። አሥራ ሦስቱ ኳሱን ያርቃሉ፣ ያነሣሉ፣ ከአሸዋ ያወጣሉ። ፑተር ግን አጭር በተከረከመው ሣር ላይ፣ ግሪን በሚሉት፣ ኳሱን እያንከባለለ ጉድጓድ የሚያስገባው ነው። ኳሱ 42.67 ሚሊሜትር፣ ጉድጓዱ 108 ሚሊሜትር ስፋት አላቸው። ሰፊ ይመስላል።

የምሠራበት ወርክሾፕ ባለቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ጥግ ላይ የተቀመጠውን አሮጌ ፍሬዛ፣ ብረት በሚሽከረከር መቁረጫ የሚፈለፍለውን ማሽን፣ እንድጠቀምበት ፈቅዶልኛል። ኮምፒውተር የለውም፤ በእጅ የሚዞር ነው። ፋብሪካዎች ፑተር የሚሠሩት በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ቅርጹን በሰም አበጅቶ፣ ዙሪያውን እንደ ሸክላ የሚደርቅ ልባስ አልብሶ፣ ሰሙን አቅልጦ ካወጡ በኋላ በባዶው ቦታ የቀለጠ ብረት ማፍሰስ ነው። ሁለተኛው ድፍን ብረት በፍሬዛ እየፈለፈሉ ማውጣት ነው። በብዛት ለሚያመርት የመጀመሪያው ይረክሳል፤ ሁለተኛው ውድ ነው፣ ነገር ግን ልኩን እስከ መቶኛ ሚሊሜትር ድረስ መያዝ ይቻላል። የእኔም መንገድ ሁለተኛው ነው፤ የእነርሱን ማሽን ኮምፒውተር ያዝዘዋል፣ የእኔን ክንዴ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ቅርጹን ከራሴ አልፈጥርም፤ የተፈጠረው እዚሁ ከተማዬ ውስጥ ነው።

ካርስተን ሶልሃይም ኖርዌይ ተወልዶ በሕፃንነቱ አሜሪካ የገባ የጫማ ሠሪ ልጅ ነበር። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ መሐንዲስ ሆኖ ሲሠራ በ42 ዓመቱ ጎልፍ ጀመረ፤ ፑተሩ አላስቀምጠው አለ። የዚያን ጊዜ ፑተር ቀጭን ምላጭ መሰል ብረት ነበር። ኳሱ ከመሐሉ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሲነካው ራሱ ይጠመዘዛል፤ ኳሱም መንገዱን ይስታል። ሶልሃይም ሁለት ኩብ ስኳር በአይስክሬም እንጨት አጣብቆ ሐሳቡን በዓይኑ አየው፤ ክብደቱ ዳርና ዳር፣ መሐሉ ባዶ። እ.ኤ.አ. በ1959 ካሊፎርኒያ፣ ሬድዉድ ሲቲ በሚገኘው ጋራዡ የሠራው ፑተር ኳስ ሲመታ “ፒንግ” እያለ ይጮህ ስለነበር ስሙ ከዚያው ወጣ፤ ፒንግ 1ኤ። ወደ ፊኒክስ ከተዛወረ በኋላ፣ በ1966፣ ሌላ ቅርጽ ሲመጣለት በቅርቡ ወረቀት አልነበረምና የሙዚቃ ሸክላ ልባስ ላይ ነደፈው። ባለቤቱ ሉዊዝ “አንሰር”፣ ማለትም “መልሱ”፣ ብላ ስም አወጣችለት። ቃሉ ከነሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደሉ ብረቱ ላይ አልበቃ ሲል አንዷን ፊደል እንዲጥላት የመከረችውም እርሷው ናት። በ1969 ጆርጅ አርቸር የማስተርስን ውድድር ያሸነፈው በዚህ ፑተር ነበር። ታይገር ዉድስ አብዛኞቹን ትልልቅ ድሎቹን ያገኘበት ፑተርም የሌላ ድርጅት ሥራ ይሁን እንጂ የዘር ሐረጉ ወደዚያ ሸክላ ልባስ ይመለሳል።

የቅርጹ ምሥጢር ቀላል ሒሳብ ነው። አንድን ክብደት ከመሐል 2 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ 4 ሴንቲሜትር ላይ ብታስቀምጠው፣ መጠምዘዝን የሚቋቋመው ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። በእንጨት ዳርና ዳር ሁለት ጀሪካን ውኃ አንጠልጥሎ የተሸከመ ሰው መንገድ ላይ ሲጠሩት ቶሎ መዞር እንደሚያቅተው ዓይነት ነው።

ልኮቹን ወሰንኩ። የፑተሩ ርዝመት 34 ኢንች፣ 86 ሴንቲሜትር ያህል። ራሱ ከጣት እስከ ተረከዝ፣ ማለትም ከሩቁ ጫፍ እስከ ዘንጉ በኩል ያለው ጫፍ፣ 118 ሚሊሜትር። ዘንጉ ከመሬቱ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 71 ዲግሪ። ሎፍቱ፣ ማለትም ኳሱን የሚመታው ፊቱ ወደ ኋላ የሚጋደለው፣ 3 ዲግሪ። ሎፍት ለሚንከባለል ኳስ ምን ይሠራል የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኔም ብዬ ነበር። ኳስ ሣር ላይ ሲቀመጥ በክብደቱ ትንሽ ይሰምጣል። ትንሽ ጋደል ያለ ፊት ከዚያች ስርጉድ ብድግ አድርጎ ያስነሣዋል። ሎፍቱ ካነሰ ኳሱ ወደ መሬት ተጭኖ ይነጥራል፤ ከበዛ ሳይንከባለል ይንሸራተታል።

ሕጉን የሚያወጡት የአሜሪካው የጎልፍ ማኅበርና የስኮትላንዱ አር ኤንድ ኤ ናቸው። የፑተር ሎፍት ከ10 ዲግሪ እንዳያልፍ፣ ዘንጉም ቀጥ ብሎ እንዳይቆም፣ ቢያንስ 10 ዲግሪ እንዲያዘም ይጠይቃሉ። አጥብቀው የሚከለክሉበት ታሪክም አላቸው። በ1904 ዋልተር ትራቪስ የሚባል አሜሪካዊ የእንግሊዞቹን የአማተሮች ውድድር ዘንጉ ወደ መሐል በገባ ፑተር አሸነፈ፤ በ1910 አር ኤንድ ኤ ያንን ዓይነት አገደ። እገዳው የተነሣው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። አርባ ዓመት ቂም ለአንድ ብረት!

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ዛሬ ስድስቱን ገጾች አስተካክዬ የውጭ ቅርጹን አወጣሁ። ብረቱን ሞርሳ ውስጥ አጥብቄ፣ በ12 ሚሊሜትር መቁረጫ፣ በደቂቃ 650 ዙር። መቁረጫው ሲገባ ድምፁ ይናገራል፤ ደህና ሲቆርጥ ያጉረመርማል፣ ሲቸገር ይጮሃል። የሚወጣው ቁርጥራጭ ጥቅልል ብሎ ገለባ መስሎ ይወድቃል። ዘይቱ ትንሽ ሲጤስ ሽታው ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ይመልሰኛል።

እዚያ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማሽን አልነካንም። አንዲት ብረት ተሰጥታን በሞረድ ብቻ አራት ማዕዘን እንድናደርጋት ታዘዝን። መምህራችን ሥራህን አንሥተው ያዩና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ ነበር፤ “ከየት ጀምረህ ነው የለካኸው?” ልኩ ትክክል ቢሆንም እንኳ ይጠይቃሉ። ተማሪው ሁሉ በዚህ ጥያቄ ይቀልድባቸው ነበር። እኔም ቀልጃለሁ።

ሥራ ሲያልቅ ሚዛን፦ 702 ግራም።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ጎድጓዳው። ከጀርባ በኩል መሐሉን ፈልፍሎ ተረከዙንና ጣቱን ብቻ ወፍራም አድርጎ የሚተወው ሥራ ይኸው ነው። ፊቱ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ይኖረዋል፤ ከኋላው ባዶ፤ ከሥር መሬት ላይ የሚያርፈው መርገጫው።

ጠዋቱን ሙሉ ተቸገርኩ። ወደ ጥልቁ ለመድረስ ብዬ መቁረጫውን ከመያዣው አብዝቼ አስረዝሜው ስለነበር ይንቀጠቀጣል፤ ግድግዳው ላይ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ምልክት ተወ። ዙሩን ቀነስኩ፣ ተሻለ፣ ግን አልጠፋም። በመጨረሻ መቁረጫውን 10 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ መልሼ፣ የሞርሳውን ቦታ ቀይሬ ከሌላ አቅጣጫ ገባሁበት። ፀጥ አለ። በዚህ መሐል አንድ መቁረጫ ሰብሬያለሁ፤ ከኪሴ ገዝቼ እተካለሁ።

ሚዛን፦ 338። ከመጀመሪያው ከግማሽ በላይ ተወግዷል፤ ራሱ ግን ከትናንቱ ድፍን ብረት ይልቅ እጅ ላይ የከበደ ይመስላል። ዳርና ዳር ይዤ ሳወዛውዘው ለመዞርም፣ ዙሩን ለማቆምም ያንገራግራል። ወረቀት ላይ የጻፍኩት አራት እጥፍ ይኸው እጄ ላይ ተሰማኝ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

የፊት ቀን። የቀረውን ሁሉ ብታበላሽ ማረም ይቻላል፤ ፊት ከተበላሸ ፑተሩ የለም። ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳ። ኳሱ የሚነሣበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው በምቱ ቅጽበት ፊቱ የሚያይበት ነው። ከጉድጓዱ 3 ሜትር ርቀህ ፊቱ በ1 ዲግሪ ቢዞር፣ ኳሱ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ 52 ሚሊሜትር ስቷል። የጉድጓዱ ግማሽ ስፋት 54 ነው። ስለዚህ አንዲት ዲግሪ ኳሱን አፋፍ ላይ ታስቀምጠዋለች። የጋሼ ኳስ የቆመበት ቦታ ማለት ነው።

3 ዲግሪ ለማውጣት ሳይን ባር ተጠቀምኩ፤ ሁለት ክብ እግሮች ያሉት ቀጥ ያለ ብረት ነው። በእግሮቹ መካከል 127 ሚሊሜትር አለ። በአንዱ እግር ሥር 6.647 ሚሊሜትር የሚሆን የልክ ብረት ሳነባብር ባሩ ልክ 3 ዲግሪ ይጋደላል። ራሱን በዚያ ላይ አስደግፌ አሠርኩት፤ አንድ ጥርስ ብቻ ባለው ሰፊ መቁረጫ በደቂቃ 500 ዙር፣ ጠረጴዛውን በዝግታ እየነዳሁ አንድ ጊዜ ብቻ አለፍኩበት። ያቺ የመጨረሻ ማለፊያ የቆረጠችው 0.1 ሚሊሜትር ነው። ፊቱ ላይ የቀሩት ቀጫጭን ቅስቶች ከዳር እስከ ዳር አልተቆራረጡም። በጥፍሬ ስጭራቸው እንደ ክራር ክር ይሰማሉ።

እነዚህ ቅስቶች ምቱን ያለሰልሳሉ የሚል ብዙ ወሬ አለ። ድምፁን ትንሽ ይቀይሩት ይሆናል፤ እኔ የምወዳቸው ግን ፊቱ ለጥ ያለ መሆኑን ስለሚመሰክሩ ነው። ጎርባጣ ቢኖር ቅስቶቹ እዚያ ላይ ይጠፉ ነበር።

ሚዛን፦ 331።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ከሥራ በኋላ አንገቷን ሠራሁ። ከራሱ ተነሥታ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ፊት፣ ከዚያ እንደገና ወደ ላይ የምትታጠፍ፣ የቧንቧ ክርን የመሰለች ናት። ይህች መታጠፍ ዘንጉን ከፊቱ ትንሽ ታስቀድመዋለች፤ እጅ ከኳሱ ቀድሞ እንዲሄድ ትረዳለች። የሥራ ባልደረባዬ የሆነ አንድ የሜክሲኮ ሰው በአርጎን በየደልኝ። እጁ የጸሐፊ እጅ ነው። የብየዳው ጉብታ አላምር ብሎኝ ሌሊቱን በሞረድ አሳሳሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ መገጣጠሚያው እስኪጠፋ ድረስ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ጠዋት የዘንጉን ቀዳዳ በሳሁ። ዘንጉ ከሥሩ 9.4 ሚሊሜትር ነው፤ ቀዳዳው 9.5። የፍሬዛውን ራስ 19 ዲግሪ አጋድዬ፣ ያንን ያማረ ፊት በወረቀት ሸፍኜ በሞርሳው ቋሚ መንጋጋ ላይ አስደግፌ በሳሁ። ዘንግ ለጊዜው አስገብቼ ወደ ፓፓጎ ሄድኩ።

ኳሱ ላይ በቀለም ዙሪያውን መስመር አሥምሬ መታሁት፤ በስልክ በዝግታ ቀረጽኩት። ኳሱ ነጠረ። ያውም አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ዘለለና ከዚያ መንከባለል ጀመረ። አሥር ጊዜ መታሁ፤ አሥር ጊዜ ነጠረ። የመርገጫው ጀርባም ከመሬቱ ተነሥቷል፤ የመኪና ማቆሚያው አስፋልት ላይ አቁሜ ዘንጉን ቀጥ ሳደርገው ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት ገባ።

ማታ ፊቱን መልሼ ለካሁት። 3 ዲግሪ፤ ምንም አልጎደለም።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

አገኘሁት። የምሳ ሰዓት ላይ እንጀራዬን እየጠቀለልኩ ነው የታየኝ፤ ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ።

ፊቱን 3 ዲግሪ ያጋደልኩት ከመርገጫው ተነሥቼ ነው። ቀዳዳውን የበሳሁት ግን ፊቱን አስደግፌ፣ ማለትም ከፊቱ ተነሥቼ ነው። ስለዚህ ዘንጉም ከፊቱ ጋር 3 ዲግሪ ወደ ኋላ ተጋደለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ትይዩ ሆነው ቆሙ። ተጫዋች ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ሲይዝ ፊቱም ቀጥ ይላል፤ ሦስት ሲቀነስ ሦስት ዜሮ። እያንዳንዱ ልክ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው፤ ፑተሩ ግን ስህተት ነው። ሰው እጁ ላይ የሚይዘው ፊቱን አይደለም፣ መርገጫውንም አይደለም፤ ዘንጉን ነው። ልኩ ሁሉ ከዘንጉ መጀመር ነበረበት።

“ከየት ጀምረህ ነው የለካኸው?” የእኔታ ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ለስላሳ ብረት ስለሆነ አንገቷን በማጠፊያ ሦስት ዲግሪ መመለስ ይቻላል አልኩ። ፋብሪካዎችም አንድ ሁለት ዲግሪ ሲሆን ያደርጉታል። ራሱን አሥሬ ረጅም ዘንግ አስገብቼ በቀስታ ገፋሁ። አንድ ዲግሪ ሄደ። ሁለት ሊሞላ ሲል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ በብየዳው ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጣ። ጥፋቱ የበያጁ አይደለም። ለውበት ብዬ ሥጋውን ሞርጄ የጨረስኩት እኔ ነኝ። እርሱ አይቶ ትከሻውን ነቀነቀና ምንም አልተናገረም፤ ተናግሮ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ደውለው “ደረሰልኝ?” አሉ። “ለገና ይደርሳል” አልኳቸው።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ሁለተኛው ብረት። ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። ገና አራት ማዕዘን ሳለ፣ ምንም ጋደል ያለ ገጽ ሳይኖረው፣ አንገቷን አስበየድኩ። በዚህ ጊዜ የሁለቱንም ጠርዝ በ45 ዲግሪ ሸርፌ ብየዳው እስከ ውስጥ ድረስ እንዲገባ አደረግኩ። ከዚያ ቀዳዳውን በሳሁና ቀጥ ያለ የተሞረደ ዘንግ ሰካሁበት። ከዚህ በኋላ የምለካው ሁሉ ከዚያ ዘንግ ነው፤ ጎድጓዳውም፣ መርገጫውም፣ በመጨረሻም ፊቱ። ዘንጉ እንደ ምሰሶ ቆሞ እየተጋፋኝ መቁረጥ አስቸጋሪ ነው፤ ሁለት ጊዜ በክርኔ መታሁት። ቢሆንም ባለፈው ሳምንታት የፈጀው በአንድ ቀን አለቀ። እጅ መንገዱን ያውቀዋል።

ሎፍት ከዘንጉ ሲለካ፦ 3 ዲግሪ። ሚዛን ከነአንገቱ፦ 366።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ማሽን አልነካሁም። ቀሪዎቹ 16 ግራሞች በሞረድ ነው የሚወጡት። መርገጫው ከፊት ወደ ኋላም፣ ከጣት ወደ ተረከዝም ትንሽ ደጋን ይሁን፤ ካልሆነ ጠርዙ ሣር ይነክሳል። ይህን ቅስት የማወጣው በዓይንና በመስታወት ነው። መስታወት ላይ አስቀምጬ አንከባልለዋለሁ፤ የሚነካበት ቦታ ላይ ሰማያዊ ቀለም ይታተማል፤ እዚያ ላይ እሞርዳለሁ። ሥራው ወደ ትምህርት ቤት መለሰኝ፤ ያኔ የጠላሁት ዛሬ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳላውቀው አለፈ።

በላይኛው ጠርዝ ጀርባ ላይ፣ በትክክል መሐሉ ላይ፣ የማነጣጠሪያ መስመር በ1 ሚሊሜትር መቁረጫ ቆረጥኩ።

ሚዛን፦ 351። አንዷን ግራም ትቼያታለሁ።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

የወርክሾፑ የፊደል መምቻ የላቲን ብቻ ነው። ስለዚህ “ጋ”ን በነጥብ መታኋት፤ አሥራ ሰባት ነጥብ፣ በመርገጫው ተረከዝ በኩል። ከሩቅ ጨቅላ ልጅ የጻፋት ትመስላለች። ወደድኳት።

ካርቦን ብረት ሳይለበስ ከተተወ በሳምንት ይዝጋል። ፋብሪካዎች በኬሚካል ያጠቁሩታል ወይም ኒኬል ይለብጡታል። እኔ የተልባ ዘይት መረጥኩ። ተልባ ሲጋገር የሚደርቅ ዘይት ነው፤ በስሱ ተቀብቶ 250 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ሲቆይ ብረቱ ላይ ጠንካራ ጥቁር ቆዳ ይሠራል። ጾም ስለሆነ ቤታችን የተልባ ወሬ አይጠፋም፤ ባለቤቴ ጠርሙሱን አይታ “ለምግብ ነው?” አለች። ራሱን ምድጃ ውስጥ ስከት ስታይ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ “ምጣድ እያሟሸህ ነው እንዴ? ታዲያ በጎመን ዘር አታደርገውም?” አለችኝ። ሥራው በእርግጥ ያው ማሟሸት ነው።

የመጀመሪያውን ቅብ አበዛሁትና ወዝ ይዞ እንደ ሙጫ ተጣበቀ። በአሴቶን ጠርጌ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጥቤ እንደገና ጀመርኩ። ትክክለኛው ዘዴ ቀብቶ፣ ከዚያ ምንም ያልተቀባ እስኪመስል ድረስ በጨርቅ መጥረግ ነው። አራት ጊዜ። መጀመሪያ የሻይ ቀለም፣ ከዚያ የተቆላ ቡና፣ በአራተኛው ጥቁር። የጭስ ማስጠንቀቂያው ሁለት ጊዜ ጮኋል፤ ልጆቹ ተደሰቱ።

“ጋ”ን በባለቤቴ ቀይ የጥፍር ቀለም ሞላኋት፤ የተረፈውን ጠረግኩ።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ዘንጉን በኢፖክሲ ሙጫ አጣበቅኩ። ሙጫ ሙቀት ስለማይችል የምድጃው ሥራ አስቀድሞ ማለቅ ነበረበት። ሲደርቅ ዘንጉን በጣቴ ላይ አጋድሜ ሚዛኑን አየሁ፤ የፑተሩ ጣት ወደ መሬት 45 ዲግሪ ያህል አዘነበለ። ይህ ምቱን በቅስት ለሚያመላልስ ሰው ይስማማል፤ ጋሼ እንደዚያ ናቸው። ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላና ወደ ፊት ለሚመታ ግን ፊቱ ወደ ሰማይ እያየ የሚተኛ ፑተር ይሻለዋል።

እጀታ። በሕጉ ከዱላዎች ሁሉ ክብ ያልሆነ እጀታ የሚፈቀደው ለፑተር ብቻ ነው፤ ከፊት በኩል ለአውራ ጣቶች ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠፍጣፋው ከፊቱ ጋር ካልተገጣጠመ እጅ ሳያውቀው ፊቱን ያዞረዋል። ባለሁለት ፊት ቴፕ ጠቅልዬ፣ በነዳጅ አርጥቤ አስገባሁት፤ ከመድረቁ በፊት ያሉኝን ጥቂት ደቂቃዎች በሙሉ እሱን በማስተካከል ጨረስኩ።

ታኅሣሥ 28፣ ሰኞ

የገና ዋዜማ፣ ፓፓጎ። ጋሼ ፑተሩን ተቀብለው ገለበጡት፤ ቀይዋን “ጋ” አይተው ምንም አላሉም፤ በአውራ ጣታቸው አሹዋት። መስመር ያሠመርኩበትን ኳስ አስቀመጥኩላቸው። መቱት። አልነጠረም፤ መስመሩ ወዲያው መሽከርከር ጀመረ። ድምፁ እንደ ሶልሃይም አይጮህም፤ አጭርና ደፈን ያለ ነው፤ ከጉድጓዱ ውስጥ የሚመጣው ድምፅ ይበልጠዋል። ሦስት ሜትር ላይ ከአሥሩ ስድስቱን አስገቡ። በአሮጌው ስንት ያስገቡ እንደነበር አልጠየቅኳቸውም።

“አንተ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ” አሉ። ቀጥለውም “ግን ይህ መስመር ጥቁር በጥቁር ነው፤ ዓይኔ አይለየውም፤ ነጭ አድርግልኝ። ደግሞ ረዘመብኝ።”

“ምን ያህል ጋሼ?”

ሁለት ጣታቸውን ዘንጉ ላይ አጋድመው አሳዩኝ። ሦስት ሴንቲሜትር ተኩል ይሆናል። ዘንጉ ሲያጥር ራሱ እጅ ላይ ይቀላል፤ ቢያንስ አሥር ግራም መጨመር ይኖርብኛል፤ ያውም ጠርጌ በጣልኩት ብረት ቦታ። መርገጫው ላይ ሁለት ቀዳዳ በስቼ በእርሳስ ልሞላው ወይም በተንግስተን ልደፍነው እያሰብኩ ነው የተለያየነው። ፑተሩ መኪናዬ ውስጥ ነው። ነጭ የጥፍር ቀለም ባለቤቴ የላትም።